የዛፍ ላይ ሰንሰለት መጋዝ፦ አመራረጡና እንክብካቤው

ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ የሚመለምሉና ግንድ ከጫፍ ጀምረው እየቆራረጡ የሚያወርዱ ባለሙያዎች የሚይዙት ሰንሰለት መጋዝ መሬት ላይ ቆሞ ዛፍ ከሚጣልበት የተለየ ነው። የደን መጋዝ ዋና እጀታው ከሞተሩ ጀርባ ተዘርግቶ የወጣ ነው። የዛፍ ላይ መጋዝ እጀታ ግን ከሞተሩ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ መጋዙ አጭር ነው፣ ክብደቱም በቀጥታ ከመዳፍ ስር ይውላል። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቅርንጫፍ በተጠላለፈበት ጠባብ ቦታ መቁረጥ የሚቻለው በዚህ ቅርጽ ነው።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ቅርጽ ነው። ሁለቱ እጀታዎች በጣም ስለሚቀራረቡ የባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) አፍንጫ እንጨት ነክቶ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ሲወነጨፍ እጆች የሚቋቋሙበት ጉልበት ያንሳል። ሚዛኑ የተስተካከለ በመሆኑም በአንድ እጅ ለመቁረጥ ይገፋፋል፤ ሌላው እጅ ቅርንጫፉን ሲይዝ ደግሞ ከሰንሰለቱ አጠገብ ይሆናል። በዚህ ሥራ የግራ እጅና ክንድ በተደጋጋሚ የሚጎዱት ለዚህ ነው። አይኤስኦ 11681 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መጋዞችን ለሁለት የሚከፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክፍል 1 የደን መጋዞችን፣ ክፍል 2 የዛፍ ላይ መጋዞችን ይመለከታል። በክፍል 2 የሚካተት መጋዝ ያለ ባርና ሰንሰለት፣ ታንከሮቹ ባዶ ሆነው፣ ከ4.3 ኪ.ግ. አይበልጥም፤ የታሰበውም ለሰለጠነ ሠራተኛ ብቻ ነው። በዋጋው ማነስ ወይም በማማሩ ተማርኮ ለግቢ ማገዶ መቁረጫ መግዛት ትልቅ ስህተት ነው።

ሞተርና ክብደት

ቤንዚን የሚጠጡት የዛፍ ላይ መጋዞች በሁለት ጎራ ይመደባሉ። አንደኛው 35 ሲሲ አካባቢ የሆነው የሙሉ ቀን ሥራ መጋዝ ነው። ስቲል የተባለው አምራች የሚሠራው ኤምኤስ 201 ቲሲ-ኤም 35.2 ሲሲ፣ 1.8 ኪሎዋት፣ 3.7 ኪ.ግ. ነው። የሁስክቫርና ቲ540 ኤክስፒ 37.7 ሲሲ፣ ጉልበቱ ተመሳሳይ፣ ክብደቱ 3.9 ኪ.ግ. ነው። ከእነዚህ በፊት የነበረው የስቲል ኤምኤስ 200 ቲ ምርቱ ከቆመ በኋላም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም፤ ካርቡሬተሩ በካቻቢቴ የሚስተካከል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሳይዘገይ የሚነሳ መጋዝ ስለነበር ብዙ ባለሙያ አሮጌውን እያደሰ ይሠራበታል። ሁለተኛው ጎራ 25 ሲሲ አካባቢ ነው። የኤኮ ሲኤስ-2511 ቲኢኤስ 25 ሲሲና 2.3 ኪ.ግ. ሲሆን፣ ለምልመላ ከእሱ የሚቀል የቤንዚን መጋዝ ማግኘት ይከብዳል።

ካታሎግ ላይ የተጻፈው ክብደት ባርን፣ ሰንሰለትን፣ ነዳጅንና ዘይትን አይጨምርም። እነዚህ ሲደመሩ ወደ 1 ኪ.ግ. ይጠጋሉ። ቀኑን ሙሉ ከወገብ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል መሣሪያ ስለሆነ ይህ ልዩነት ይሰማል። የደከመ ክንድ መጋዙን በአንድ እጅ መያዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ክብደት የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሥራ ምልመላ ለሆነበት ሰው ትንሹ መጋዝ ይበቃል። ወፍራም ግንድ ለማውረድ የጉልበቱ ማነስ ከክብደቱ በላይ ያደክማል፤ በዚህ ጊዜ 35 ሲሲው ተመራጭ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ግንድ ሲገጥም ደግሞ ትልቁ የኋላ እጀታ መጋዝ በገመድ ይሳባል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለኤሌክትሪክ መስመር ዳር ሥራ ከ6.8 ኪ.ግ. በላይ የሆነ መጋዝ ዛፍ ላይ ሲሠራበት በራሱ ገመድ እንዲደገፍ ያዛል፤ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ማንጠልጠያ ቅርንጫፍ የማይኖርበት ሥራ ከዚህ ነፃ ነው።

ባርና ሰንሰለት

የተለመዱት ባሮች 30 እና 35 ሳ.ሜ. ናቸው። 40 ሳ.ሜ. በ35 ሲሲ ሞተር ላይ ይገጠማል፤ ግን አፍንጫው ከዓይን ይርቃል፣ ሚዛኑም ወደ ፊት ያዘነብላል። አጭር ባር ይዞ ከሁለት በኩል መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሰንሰለት ሲገዛ በኢንች ብቻ መጠየቅ ገንዘብ ያስከስራል። ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ መታወቅ አለባቸው፦ ፒቹ (የሦስት ተከታታይ ሪቬቶች ርቀት ለሁለት ተካፍሎ)፣ በባሩ ቦይ ውስጥ የሚሄደው ጥርስ ውፍረት፣ እና የዚህ ጥርስ ብዛት። አብዛኞቹ የዛፍ ላይ መጋዞች 3/8 ኢንች ዝቅተኛ ፕሮፋይል ሰንሰለት ይጠቀማሉ፤ ውፍረቱ 1.3 ወይም 1.1 ሚ.ሜ. ነው። ስቲል ለ35 ሳ.ሜ. ባር 50 የቦይ ጥርስ ሲሠራ ሁስክቫርና ለዚያው ርዝመት 52 ይሠራል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። 1.1 ሚ.ሜ. ሰንሰለት 1.3 ሚ.ሜ. ቦይ ውስጥ ከገባ ይንገዳገዳል፣ አቆራረጡም ይጠማል። 1/4 ኢንች ፒች ያለው ሰንሰለት በትናንሾቹ መጋዞች ላይ ይገጠማል፤ ለስላሳ ቁርጥ ይሰጣል፣ ግን ጥርሱ ትንሽ ስለሆነ ለመሞረድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የጥርሱ ማዕዘን ሹል የሆነው ሰንሰለት ንጹሕ እንጨት ላይ ፈጣን ነው። ማዕዘኑ ክብ ያለው ዝግ ይላል፤ ነገር ግን አቧራ በጠጣ ቅርፊት ላይ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። መንገድ ዳርና ግቢ ውስጥ ያሉ ዛፎች ሚስማር፣ ሽቦና አሸዋ የተሸከሙ ስለሆኑ ለከተማ ሥራ ሁለተኛውን መምረጥ ይበጃል።

ሞረድ

የሰንሰለቱ ጥርስ የተጠማዘዘበት ቅርጽ የመጣው ከጥንዚዛ እጭ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ እጩ እንጨቱን ወደ ግራና ቀኝ እየቦረቦረ ሲበላ አይቶ ጥርሱን በዚያው አምሳል ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኩባንያውን አቋቋመ። ዛሬም ጥርሱ የሚቆርጠው በላይኛውና በጎን ስለቱ እየቦረቦረ ነው፤ ሞረዱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መንካት ያለበት ለዚህ ነው።

ለ3/8 ኢንች ዝቅተኛ ፕሮፋይል የሚሆነው ክብ ሞረድ 4.0 ሚ.ሜ. ነው። ባሩ በማሰሪያ ይያዛል፣ የሰንሰለቱ ማቆሚያ ፍሬን ይቆለፋል፣ ሞረዱ ከውስጥ ወደ ውጭ በ30 ዲግሪ ይገፋል፤ ሲመለስ ጥርሱን መንካት የለበትም። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ከጥርሱ አናት በላይ መታየት አለበት። ሞረዱ ዝቅ ካለ ስለቱ ቀጭን ሆኖ ቶሎ ይሰበራል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ጥርሱ ከመቁረጥ ይልቅ ይፍቃል። የሁሉም ጥርስ የሞረድ ምት እኩል ይሁን። የአንዱ ወገን ጥርስ ካጠረ መጋዙ ወደ አንድ ጎን እየጠመመ ይቆርጣል፤ ግንድ ሲወርድ ደግሞ ቁርጡ ከታሰበው መስመር ይወጣል።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል እንዲነክስ የምትወስን ናት። ከጥርሱ አናት 0.65 ሚ.ሜ. ዝቅ ማለት አለባት፤ ሰንሰለቱ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በተሞረደ ቁጥር በመለኪያ ትታያለች፣ በጠፍጣፋ ሞረድም ትስተካከላለች። «ፍጥነት እንዲጨምር» ብሎ ጉብታዋን ከመጠን በላይ መብላት በዛፍ ላይ መጋዝ ላይ ከሚሠሩ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ጥርሱ ጠልቆ ይነክሳል፣ መጋዙ ይዘላል፣ የመወንጨፍ ዕድሉም ይጨምራል።

የደነዘ ሰንሰለት ምልክቱ የሚወጣው እንጨት ነው። ስለት ያለው ሰንሰለት ፍርፋሪ ያወጣል፤ የደነዘው ዱቄት ያወጣል። ሠራተኛው መጋዙን መጫን ከጀመረ መጋዙ ወርዶ መሞረድ ወይም ሰንሰለቱ መቀየር አለበት። ሁለት ወይም ሦስት የተሞረዱ ሰንሰለቶች ተዘጋጅተው መሬት ላይ ቢቀመጡ በዛፍ ላይ ከደነዘ መሣሪያ ጋር መታገል ይቀራል።

ሰንሰለቱ የሚወጠረው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ፍሬኑ ተፈትቶ በእጅ ሲሳብ በነፃነት መሄድ፣ ከታች በኩልም ከባሩ ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። በሥራ ላይ ሞቆ ሲላላ ከተወጠረ፣ ሥራው ሲያልቅ መላላት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚያጥር ባሩንና የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎዳል። የላላ ሰንሰለት ደግሞ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሲቆረጡ ከባሩ ይወጣል፤ የቦይ ጥርሶቹ ከተበላሹ ተስተካክለው ሳይሞረዱ አይገቡም። ባሩ በየሰንሰለት ቅየራው ይገለበጣል፣ ቦዩና የዘይት ቀዳዳው ይጠረጋል። ሰንሰለቱን የሚነዳው ፒኞን ላይ የተበላው ጥልቀት 0.5 ሚ.ሜ. ሲደርስ ይቀየራል፤ በግምት በሁለት ሰንሰለት አንድ ጊዜ። ያረጀ ፒኞን አዲስ ሰንሰለት በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

ነዳጅ፣ አየርና ከፍታ

የዛሬዎቹ ሁለት ምት ሞተሮች የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ 50 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚ.ሊ. ዘይት። ድብልቁ በ30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ኤታኖል ያለው ቤንዚን ውሃ ይስባል፣ የነዳጅ ቱቦዎችንና የካርቡሬተሩን ስስ ጎማዎች ያደርቃል፤ መጋዙ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ ታንከሩ ባዶ ይደረግና ሞተሩ እስኪጠፋ ይሠራል። በአውሮፓ አልኪሌት የተባለው፣ ቤንዞል የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር የሌለበት ያህል የሆነ ነዳጅ በሰፊው ይሸጣል። ጭሱ ከሚወጣበት ጎን ፊቱን አቅርቦ ለሚሠራ ሰው ዋጋው የሚገባው ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። 2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነዳጁን ያበዛል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወድቃል። የከፍተኛ ፍጥነት ብሎኑ (ኤች የሚል ምልክት ያለበት) በትንሹ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነዳጁ ይቀንሳል። ዋናው ጥንቃቄ በመመለሻው ነው፦ መጋዙ ወደ ቆላ ሲወርድ ብሎኑ ካልተመለሰ ድብልቁ ስስ ይሆናል፣ ዘይቱ ያንሳል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። የስቲል ኤም-ትሮኒክና የሁስክቫርና አውቶቱን የተባሉት የካርቡሬተር መቆጣጠሪያዎች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ከተለያየ ከፍታ ለሚሠራ ሰው ዋና ጥቅማቸው ይኸው ነው። ከፍታው የሚያጎድለውን ጉልበት ግን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

የአየር ፊልትሮው በየቀኑ ይታያል። ካንዴላው ክፍተቱ 0.5 ሚ.ሜ. ነው። ማርሚታው ውስጥ ያለችው የእሳት ብልጭታ መከላከያ ወንፊት በካርቦን ከተዘጋች ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ከፍ ሲል ይታፈናል፤ ብዙዎች ካርቡሬተር ሲፈቱ የሚውሉት ይህችን ሳያዩ ነው።

የተለመዱ ብልሽቶች

መጋዙ ቀጥ ሲል እየሠራ ሲዘነብል የሚጠፋ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ መሳቢያ ቱቦ ደርቆ ከነዳጁ ጋር አይወርድም፣ ወይም ፊልትሮው ተዘግቷል፣ ወይም የታንከሩ መተንፈሻ አልከፈት ብሏል። መሬት ላይ ይህ ላይታይ ይችላል፤ ዛፍ ላይ መጋዙ በየአቅጣጫው ስለሚያዝ ወዲያው ይጋለጣል። ነዳጅ መስጫው ተለቆ ሞተሩ ቶሎ ወደ ሚኒሞ ካልተመለሰ ከሲሊንደሩ መግቢያ ጎማ ወይም ከክራንክ ዘንጉ ጎማ አየር እየገባ ነው፤ በብሎን ማስተካከል ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም፣ በመጨረሻ ሞተሩን ያቃጥላል። በሚኒሞ (2,800 አካባቢ ዙር በደቂቃ) ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ ወይም የፍሪሲዮኑ ምንጭ ተሰብሯል። እንዲህ ያለ መጋዝ ዛፍ ላይ መውጣት የለበትም።

የዘይት ፍሰት የሚፈተነው የባሩን አፍንጫ ከንጹሕ እንጨት በላይ ይዞ ነዳጅ በመስጠት ነው፤ የዘይት መስመር መታየት አለበት። የአትክልት ዘይት ለአካባቢ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተቀምጦ ሲቆይ ሙጫ ሆኖ ፓምፑን ይይዛል፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከመቀመጡ በፊት በማዕድን ዘይት ይታጠባል።

ወደ ላይ ሲላክ

መጋዙ መሬት ላይ ተነስቶ ይሞቃል፣ ፍሬኑ ይፈተናል፣ ይጠፋል፣ ፍሬኑ እንደተቆለፈ ይሳባል። ዛፍ ላይም የሚነሳው ፍሬኑ ተቆልፎ ነው፤ መጋዙን ወደ ታች ወርውሮ የማስነሻ ገመዱን መሳብ የተከለከለ ነው። ነዳጅ የሚሞላው ታች ወርዶ ነው። የአሜሪካው ኤኤንኤስአይ ዜድ133 መስፈርት ዛፍ ላይ ሰንሰለት መጋዝ ሲሠራበት ሠራተኛው ከመውጫ ገመዱ ሌላ ሁለተኛ ማሰሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ሰንሰለቱ አንዱን ገመድ ቢቆርጥ ሌላው ይይዘዋል።

የመጋዙ ማንጠልጠያ ገመድ ርዝመት ክንድ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ እንዳይይዝ፣ ሲለቀቅም መጋዙ ከእግር በታች እንዲንጠለጠል ሆኖ ይለካል። ገመዱ በተወሰነ ኃይል የሚበጠስ ክፍል ሊኖረው ይገባል። የተቆረጠ ጫፍ ሲወድቅ ባሩን ነክሶ ቢወስድ መጋዙ ብቻ ይሂድ፣ ሰውን አይጎትት። በማይበጠስ ገመድና ካራቢነር መጋዙን ማሰር ይህን ጥበቃ ያጠፋል።

የባትሪ መጋዞች በዚህ ሥራ ላይ በፍጥነት ተስፋፍተዋል። ስቲል ኤምኤስኤ 161 ቲን፣ ሁስክቫርና ቲ535አይ ኤክስፒን አቅርበዋል። ጭስና የሚጎተት ገመድ የለባቸውም፣ ቁርጥ ባለቀ ቁጥር ጸጥ ይላሉ፤ ከመሬት ያለው ረዳት የላይኛውን ሰው ሳይጮህ ይሰማል። ይሄው ጸጥታ ግን መጋዙ እንደጠፋ ያስመስለዋል፤ ማብሪያው ከተነካ ሰንሰለቱ በቅጽበት ይዞራል። ስለዚህ በቁርጦች መካከል ፍሬኑ ይቆለፋል፣ ሰንሰለት ሲቀየር ወይም ሲሞረድ ባትሪው መውጣት አለበት። ለሙሉ ቀን ሥራ ብዙ ባትሪና መሙያ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የዘይት ታንከሩም ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በየባትሪ ቅየራው ይታያል።