ከቅኔ ጉባኤ እስከ ኤምባሲ፦ የጎጃሙ ዲፕሎማት ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ጎጃምም ሆነ ሌላው አገር የሚያውቃቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ግን ደራሲው ዕድሜያቸውን አጋምሰው፣ ኢትዮጵያን በውጭ አገር ለዓመታት የወከሉ ሰው ነበሩ። ይህ የሥራ ዘመናቸው በልቦለዱ ዝና መሸፈኑ ያስቆጫል።

የተወለዱት በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታተሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያየ ሰው ደግሞ አንደበትን እንዴት እንደሚገራ ያውቃል። ተማሪው ቀን ጥግ ይዞ ወይም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። መነሻው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ ወይም ሰሙና ወርቁ ካልተገናኙ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ እዚያው ይታረማል። ትናንት ያሰማውን ዛሬ መድገም አይቻልም። ለእኔ የሐዲስ የዲፕሎማሲ ትምህርት የጀመረው እዚህ ነው።

ዛሬ ከመንግሥት ቃል አቀባይነት ወደ አምባሳደርነት መሸጋገር የተለመደ ሆኗል። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮችን የመሩት ሬድዋን ሁሴን በአየርላንድ፣ በኋላም በአስመራ አምባሳደር ሆነዋል፤ የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባዩ መለስ ዓለምም ወደ ናይሮቢ ሄደዋል። የእነዚህ መንገድ በጋዜጣዊ መግለጫ በኩል ነው። የሐዲስ ግን በጦር ሜዳና በግዞት በኩል አለፈ።

አዲስ አበባ ተሻግረው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ በደብረ ማርቆስ አስተማሩ። ጣሊያን ሲወር የጎጃሙን ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ተከትለው ዘመቱ። ጦሩ በ1928 ዓ.ም. ሽሬ ላይ ተዋግቶ ከተፈታ በኋላም ትግሉ በምዕራብ ቀጠለ። በ1929 ዓ.ም. ከፋ ላይ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ የተባበሩት ኃይሎች ጦር ነፃ እስኪያወጣቸው ድረስም በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ቆዩ።

ሁለቱ ግዞተኞች ከነፃነት በኋላ በየፊናቸው የአገር ወኪል ሆኑ። ራስ እምሩ በዋሽንግተን፣ በኒው ዴልሂና በሞስኮ አገለገሉ። ሐዲስ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆነው ጀመሩ፤ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ገዳማት ባሉባት ከተማ፣ ለደብር ልጅ የሚስማማ ሥራ ነበር። ከዚያም በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በ1950ዎቹም በለንደን አምባሳደርነት ሠሩ። የትምህርት ሚኒስትርና የፕላን ሚኒስትርም ሆነው አገልግለዋል።

የጠቅላይ ሚኒስትርነት ነገር ሁለቱንም ነካክቷቸዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት መኮንኖች ራስ እምሩን ለቦታው ሰይመዋቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ደርግ ሐዲስን ጠየቀ፤ እሳቸው ግን አልቀበልም አሉ። ዕድሜ ልኩን በአገሩ ስም ሲናገር የኖረ ሰው፣ ስሙን ለማያምንበት ነገር ላለመስጠት እንዲህ መጽናቱ ከሥራቸው ሁሉ የማከብረው ነው።

ሐዲስ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። የለንደንና የኒውዮርክ ዓመታታቸውም ልክ እንደ ልቦለዳቸው በዚያው በጎጃም ተመራማሪዎች እጅ ቢጠኑ እመኛለሁ።