ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፦ ስለ ፎርዊል ጎማ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክረምት ሊገባ ሲል ስልኬ ይበዛል። ሃይሉክስ ወይ ፕራዶ የያዘ ሰው ጎማ ሊቀይር አስቦ ይደውልና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ያ ጥርሱ ትልልቁ የት ነው ሚገኘው?" ይለኛል፣ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጭን፣ ከሳምንቱ ስንቱን ቀን አስፋልት ላይ እንደሚውል ግን አይነግረኝም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ምጠይቀው እሱን ነው። ከአስር አመት በላይ የፊልድ መኪና ስነዳ ጎማ ያስቸገረኝ ጥርሱ ስላነሰ አልነበረም፣ ብዙውን ጊዜ ለመንገዱ የማይሆን ጎማ ስለገጠምን ወይ ንፋሱን በግምት ስለሞላን ነው። ደጋግሜ ምሰማቸውን ስህተቶች እስቲ ልጻፋቸው።

"ኤምቲ ከገጠምክ የማትገባበት ቦታ የለም"

ኤችቲ ሚባለው የጎማ አይነት ለአስፋልት ነው፣ ኤቲ ለአስፋልትም ለፒስታም፣ ኤምቲ ደግሞ ለጭቃ። ኤምቲ ላይ በጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ወደ ውጪ ይወረውራል፣ ጥሩነቱ እዚህ ጋ ነው። ግን ያው ክፍተት አስፋልት ላይ ሚነካውን ላስቲክ ይቀንሰዋል፣ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ቶሎ አይቆምም፣ ድምፁ ረጅም መንገድ ላይ ጆሮ ይበላል፣ ነዳጅም ይጨምራል፣ ቶሎም ያልቃል። ከአዲስ አበባ ባሌ ሮቤ ድረስ አብዛኛው መንገድ አስፋልት ነው፣ ከዛ በኋላ ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ኮረኮንች ደግሞ ደህና ኤቲ ያለምንም ችግር ሚሄድበት ነው። ለዛች ኮረኮንች ብላችሁ ያንን ሁሉ አስፋልት በኤምቲ መሄድ አይዋጥልኝም።

ጭቃውም ቢሆን አይነት አለው። አንድ ነሐሴ በቾ ላይ፣ ከጅማው አስፋልት ወጥተን ሁለት መቶ ሜትር ሳንርቅ፣ ጎማችን አዲስ ኤምቲ ሆኖ ቀጥ ብለን ቆምን። መረሬው (ጎጃም ዋልካ ሚሉት አይነት ጥቁር አፈር) ጥርሶቹ መሀል ገብቶ አልወጣም አለ፣ ጎማው ጭቃ የተለሰነበት እንስራ መሰለ፣ ከላይ ደግሞ በጎማውና በፓራፋንጎው (ጭቃ መከላከያው) መሀል ያለው ቦታ እስኪሞላ ታጨቀና ጎማው መዞሩንም ተወ። በካቻቢቴ እየፈለፈልን አንድ ሰዓት ፈጀን፣ በመጨረሻ ያወጡን ጭድ አምጥተው ከስሩ ነስንሰው የገፉን የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። እንደዛ አይነት አፈር ዝናብ ጠግቦ ሲያገኛችሁ የሚሻለው ግማሽ ቀን ጠብቆ ፀሐይ ላዩን እስክታደርቀው መቆየት ነው።

"ሰፊና ትልቅ ጎማ አይሰምጥም"

አሸዋ ላይ እውነትነት አለው። ስሩ ጠንካራ የሆነ ጭቃ ላይ ግን ቀጭን ጎማ ላዩን ቆርጦ ጠንካራው ጋ ይደርስና ይይዛል፣ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፍና ይንሸራተታል። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች በዛ ቀጭን 7.50 አር 16 ጎማቸው ያልደረሱበት ገጠር የለም እኮ።

ሳይዝ መጨመር ለሚፈልጉ ደግሞ ሂሳቡን ላሳያችሁ። ጎኑ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 285/70 አር 17 ደግሞ 831። መኪናው ከመሬት ሚነሳው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ያተረፋችሁት ሶስት ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም፣ ግን ዳሽቦርዱ 100 ሲላችሁ እየሄዳችሁ ያላችሁት 107 ነው፣ ፍሬኑም ይከብደዋል፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መሪ ሙሉ ስታዞሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አካሉን ይነካል።

"ቆላ ስትወርድ ንፋስ ቀንስ፣ ካለዚያ ይፈነዳል"

ይሄን የነገሩኝ በጣም ማከብራቸው አንድ አንጋፋ ሾፌር ናቸው፣ እስከዛሬም ብዙ ሾፌር ያምንበታል፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ሚያስፈራኝ ይሄ ነው ምክንያቱም ሰው ይገላል። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው፣ ማለትም ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሚለካ፣ ሲነዳ ሚጨምረው ታስቦበት ነው የተቀመጠው። ጎማ ቆላ ላይ ሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ንፋሱ ስላነሰው ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ይሄ እንቅስቃሴ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጭነት ተጨምሮበት በ100 ስትነዱት ውስጡ ያሉት ንብብሮች ይላቀቃሉ፣ ከዛ በቃ።

ቁጥሩን እዩት። አዲስ አበባ ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላችሁ እንበል፣ ሰመራ ደርሳችሁ 40 ዲግሪ ላይ ጎማው ጥላ ስር ቆሞ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ብትለኩት ከ36 እስከ 37 ነው ሚሆነው። ሙቀቱ ወደ 4 ተኩል ጨምሮበታል፣ ግን ከ2,300 ሜትር ወደ 400 ሜትር ገደማ ስትወርዱ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ ላይ 3 ያህሉን መልሶ ይወስደዋል። ማለት ያ ሁሉ ፍርሃት ለአንድ ተኩል ፒኤስአይ ነው። እየነዳችሁ ከዛ ላይ ሌላ 4 ወይ 5 ይጨምራል፣ እሱም ጤነኛ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችሁ ትኩስ ጎማ እንዳታስተነፍሱ። 41 ደርሷል ብላችሁ ወደ 35 ካወረዳችሁት አዲስ አበባ ስትመለሱ ጠዋት 30 ገደማ ሆኖ ነው ምታገኙት።

ንፋስ መቀነስ ቦታ አለው፣ ሙቀት ፈርቶ ሳይሆን መሬቱን አይቶ ነው እንጂ። ረጅም ኮረኮንች ላይ 28 አካባቢ፣ አሸዋ ላይ 18 ድረስ ታወርዱታላችሁ፣ ጎማው መሬት ላይ ሚያርፍበት ቦታ በቁመቱ ይረዝማል፣ አሸዋ ላይ ሚያወጣችሁ እሱ ነው። ፍጥነት ግን አሸዋ ላይ ከ40 እንዳያልፍ፣ መሪ በድንገት አይጠምዘዝ፣ ከ15 በታች ከወረደ ደግሞ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ፣ ለዚህ ነው ባትሪ ላይ ሚሰካ ኮምፕረሰርና ደህና ጌጅ ከትልልቅ ጥርስ በፊት ግዙ ምለው።

"10 ፕላይ ነው፣ አይቆረጥም"

10 ፕላይ ማለት ጎማው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ሚናገር ደረጃ ነው፣ ውስጡ አስር ንብብር አለ ማለት አይደለም። እውነተኛው ቁጥር ጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፣ የጎኑ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ነው። ኤርታሌ መንገድ ላይ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ነው፣ ጥርስ ያለበትን ፊት አይደለም ሚያገኘው፣ ጎኑን ነው። አንዴ አዲስ ባለ 10 ፕላይ ጎማ አውራ ጣቴ ሚገባበት ያህል ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ አይቻለሁ፣ እንደዛ አይነቱን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስጠግናችሁ ረጅም መንገድ አትውጡበት፣ ካላማዳሪ ማስገባትም መፍትሄ አይደለም። ድንጋይ የሚበዛበት መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ጎኑ 3 የሆነውን ፈልጉ፣ ቀስ ብላችሁም ሂዱ። ባዶ መኪና ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ግን 10 ፕላይ ሲያንዘፈዝፈው ይውላል፣ ምንም አይጠቅመውም።

"ኤም ፕላስ ኤስ ስላለው የጭቃ ጎማ ነው"

አይደለም። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) ጭቃና በረዶ ማለት ነው፣ ተራ የከተማ ጎማ ላይም አለ፣ አምራቹ የጥርሱን ቅርፅ አይቶ ራሱ ሚለጥፈው ምልክት ነው።

"ጥርሱ አልተነካም፣ አዲስ ነው"

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከላይ ካጣችሁት ገልብጣችሁ እዩ፣ ሻጩ ይቆጣ። ብዙ አምራቾች ከ10 አመት በላይ የሆነውን ጥርሱ ቢኖርም ተዉት ይላሉ። ጥርሱን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ስሩን ስታዩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ አትግዙት፣ የፈለገውን ያህል ይቀንስላችሁ።

"አሁን ሁለቱን ልቀይር፣ ሌላው ይደርሳል"

ሁሌም ፎርዊል የሆነ እንደ ፕራዶ አይነት መኪና ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ከተለያየ መሀል ያለው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ሚያከፋፍለው) እረፍት የለውም፣ ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ፎር ካስገባችሁ በኋላ ማስተላለፊያው ይጨነቃል። ገንዘቡ ካልደረሰ አራት ኤቲ ከሁለት ውድ ኤምቲ ይሻላል። ስኮርታውም (መጠባበቂያ ጎማው) ያው ሳይዝ ይሁን፣ ሃይሉክስ ያላችሁ ከስር ስለተሰቀለ ማንም አያየውም፣ ከመውጣታችሁ በፊት አውርዱትና ንፋሱን ለኩት፣ ማውረጃው ሰንሰለት በጭቃ ተይዞ አልወርድም ካለም ሰፈራችሁ ሆናችሁ እወቁት።