ለሩቅ ዒላማ ውድድር የጠመንጃ መነጽር አመራረጥ

ኤፍ ክላስ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ጠመንጃን ደግፎ ሩቅ ዒላማ የሚመታበት ውድድር ነው። የተጀመረው በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጀማሪው ከጆርጅ ፋርኳርሰን ነው። ቢዝሊ፣ እንግሊዝ ውስጥ ባለው ስቲክልዳውን ሜዳ እስከ 1,200 ያርድ ይተኮሳል። በ1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ፣ በአሜሪካው ዒላማ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ክብ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ደግሞ የዚያ ግማሽ። በባዶ ዓይን የማይታሰብ ነገር ነው።

ጀማሪ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። ማርችና ናይትፎርስ የተባሉት መነጽር አምራቾች እስከ 60 እና እስከ 55 እጥፍ የሚያቀርቡ መነጽሮች አሏቸው። ቁጥሩ ያጓጓል። ችግሩ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ይመጣል። መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ ዒላማውም አብሮ ይዋኛል። መነጽሩ ይበልጥ ባቀረበ ቁጥር ርግብግቡም ይብሳል። ልምድ ያለው ተኳሽ ያኔ ወደ 30 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ርግብግቡን ግን አይጠላውም፤ ወዴት እንደሚፈስ እያየ ነፋሱን ያነብበታል። ስለዚህ ከእጥፉ ቁጥር ይልቅ የመስታወቱ ጥራት ይቅደም ባይ ነኝ።

ከመስታወቱ እኩል የሚያሳስበው ማስተካከያው፣ ማለትም ምቱን ወደ ላይና ወደ ጎን ለማዛወር የሚዞረው የመነጽሩ ቁልፍ ነው። ማስተካከያው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል ምቱ በሩብ የማዕዘን ደቂቃ (ደቂቃው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው) የሚሸሽ ከሆነ፣ 1,000 ያርድ ላይ 6.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ስምንተኛ ከሆነ 3.3 ብቻ። ለኤፍ ክላስ ሁለተኛው ይሻላል። ማስተካከያው እውነቱን መናገሩንም መፈተሽ ያስፈልጋል። መነጽሩን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አጥብቆ ማሰር፣ 100 ያርድ ርቀት ላይ ሜትር መለጠፍ፣ ከዚያ ማስተካከያውን 20 የማዕዘን ደቂቃ ወደ ላይ ማዞር ነው። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል 53.2 ሴንቲ ሜትር ካልተጓዘ፣ ወይም ሲመለስ መነሻው ላይ ካላረፈ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ይሁን ለውድድር አይሆንም።

ጭንቅላትን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉ መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ መነጽሩ ጎን ላይ ያለው የርቀት ማስተካከያ ለርቀቱ አልተስተካከለም ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ስንት ነጥብ ይበላል!

መስቀሉ ቀጭን ይሁን። ምስሉ ሲጎላ አብሮ የሚወፍር መስቀል ርቀት በየተኩሱ ለሚቀያየርበት ውድድር ይመቻል፤ ኤፍ ክላስ ላይ ግን መሃሉን ይሸፍናል።

ክብደትም አለ። ኤፍ ቲ አር በሚባለው የኤፍ ክላስ ምድብ ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነእግሩ ከ8.25 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ በሌላው ምድብ፣ በኤፍ ኦፕን፣ 10 ኪሎ ይፈቀዳል። ከባድ አፈሙዝ የገጠመ ሰው መነጽር ከመግዛቱ በፊት ጠመንጃውን ሚዛን ላይ ያውጣ።