የእንግሊዝ ስፒድዌይ ወንድማማቾች፦ ከላንግተኖች እስከ ኮሊንሶች

ስፒድዌይ ፍሬን በሌለው ሞተር ሳይክል የሚደረግ ውድድር ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ማርሹ አንድ ብቻ፣ ነዳጁ ሜታኖል ነው። አራት ሞተረኞች በሞላላ ሜዳ ላይ በግራ እየታጠፉ አራት ዙር ይሮጣሉ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል። አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ሞተረኛው መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። የኋላ ጎማው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ብረት የለበሰው ግራ ጫማው መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። ከኋላ የሚከተለው ደግሞ አመድና ጠጠሩን በፊቱ ይቀበላል።

ስፖርቱ በብሪታንያ የጀመረው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1928 ለንደን ዳርቻ፣ ሃይ ቢች ላይ ነው እየተባለ ይጻፋል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ የወጣው በዚያ ቀን መሆኑ እውነት ነው። ማንቸስተር አጠገብ ድሮይልስደን ላይ ግን ቀድሞ በ1927 ውድድር ተደርጓል። በዚያው ዓመት ካምበርሊ ላይ የተደረገ ሌላ ውድድርም አለ፤ እሱ ግን በአሸዋ ላይ፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ ስለነበር ብዙዎች አይቆጥሩትም። ድሮይልስደን ቀዳሚነቱ ሊነፈገው አይገባም።

ይህ ስፖርት ገና ከጅምሩ የወንድማማቾች ስፖርት ሆነ። እነሱን ለማወዳደር ሁለት ሚዛን አለ። አንደኛው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ከ1936 እስከ 1960 ፍጻሜው ለንደን ዌምብሌይ ላይ በአንድ ምሽት ይወሰን ነበር። እያንዳንዱ ሰው አምስት ጊዜ ይሮጣል፤ ሁሉንም ያሸነፈ 15 ነጥብ ይይዛል። ሁለተኛው ሚዛን ሊጉ ነው፤ ከሳምንት ሳምንት፣ በዝናብም በጭቃም ለክለብ ነጥብ መልቀም። ስም የሚያስጠራው የመጀመሪያው ነው። ክለብ የሚያቆመው ግን ሁለተኛው ነው፤ ታናሽ ወይም ታላቅ ወንድም ተረስቶ የሚቀረውም እዚያ ነው።

የዮርክሻየሮቹ ኦሊቨር እና ኤሪክ ላንግተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም ለማንቸስተሩ ቤል ቩ ሮጠዋል። ቤል ቩ ከ1933 እስከ 1936 አራት ዓመት በተከታታይ የሊግ ዋንጫ ያነሳ ታላቅ ክለብ ነው። ኤሪክ በ1932 ስታር ሻምፒዮንሺፕ የተባለውን ውድድር አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮና ከመጀመሩ በፊት ትልቁ ዋንጫ ይህ ነበር። ኦሊቨር የዚህን ያህል ዋንጫ የለውም። የቡድን ሰው ነበር፤ የቡድን ሰው ደግሞ በሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የ1936ቱ ፍጻሜ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ያኔ በማጣሪያው የተገኘ ተጨማሪ ነጥብ በፍጻሜው ላይ ይደመር ነበር። አውስትራሊያዊው ብሉይ ዊልኪንሰን በዚያ ምሽት አምስቱንም ሩጫ አሸነፈ። ከማጣሪያው ግን 10 ብቻ ይዞ ስለመጣ ድምሩ 25 ሆነ። ኤሪክ ላንግተን እና ሌላው አውስትራሊያዊ ላዮኔል ቫን ፕራግ 26፣ 26 ሆኑ። አንድም ሩጫ ያልተሸነፈው ሰው ሦስተኛ ወጣ!

ሁለቱ ለመለያ ሩጫ ተሰለፉ። ኤሪክ የመነሻውን ገመድ ነካ፤ ደንቡ እንደሚለው ከውድድር መውጣት ነበረበት። ቫን ፕራግ ግን እንዲህ አላሸንፍም አለና እንደገና ተነሱ። ኤሪክ ቀድሞ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው ኩርባ ድረስም መራ። እዚያ ላይ ቫን ፕራግ ሾልኮ አለፈው። ሁለቱ ቀደም ብለው ሽልማቱን ለመካፈል፣ መጀመሪያ ኩርባው ላይ የደረሰም እንዲያሸንፍ ተስማምተው ነበር የሚል ወሬ አለ። ቫን ፕራግ ኋላ ላይ ለኤሪክ 50 ፓውንድ ሰጠው ይባላል። እውነት ከሆነ ቃሉን የጠበቀው ኤሪክ ነው።

በዚያ ምሽት አራተኛ የወጣው ኮርዲ ሚልን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጃክ ሚልን ይባላል። ከካሊፎርኒያ መጥተው ለንደን ውስጥ ሮጡ፤ ጃክ ለኒው ክሮስ፣ ኮርዲ ለሃክኒ ዊክ። ጃክ በ1936 በደረሰበት አደጋ አውራ ጣቱን አጥቷል። ፍሬን የሌለውን ሞተር አንድ አውራ ጣት አጥቶ መያዝ ምን እንደሚመስል አስቡት። በዓመቱ፣ በ1937፣ ያው ሰው ዌምብሌይ ላይ አምስቱንም ሩጫ አሸንፎ በ28 ነጥብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ የአገሩ ልጅ ዊልበር ላሞሮ፣ ሦስተኛ ወንድሙ ኮርዲ። ሦስቱም አሜሪካውያን፣ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች።

በ1938 ጃክ ከዊልኪንሰን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ብሉይ በመጨረሻ የተነጠቀውን አገኘ። በ1939 ደግሞ ተራው የኮርዲ ይመስል ነበር። ለፍጻሜው ከፍተኛ ተጨማሪ ነጥብ ይዘው ከሚገቡት አንዱ እሱ ነበር። ፍጻሜው ለሴፕቴምበር 7 ተቀጠረ። ጦርነቱ በሴፕቴምበር 3 ታወጀ። ውድድሩ ሳይደረግ ቀረ። ጃክ ከኮርዲ ይበልጣል የሚሉ ይህን ቀን መቁጠር አለባቸው። ጃክ ግን ስፖርቱን አልተወም። በ1969 ከሃሪ ኦክስሊ ጋር ካሊፎርኒያ፣ ኮስታ ሜሳ ላይ ስፒድዌይን እንደገና አስነሳ። ቀጣዩ አሜሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን ብሩስ ፔንሃል የመጣው በ1981 ነው።

ጃክ እና ኖርማን ፓርከርም ነበሩ። ጃክ ፓርከር በ1934 የስታር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1949 አርባን ተሻግሮ በዓለም ሁለተኛ ወጣ። ኖርማን ከጦርነቱ በኋላ የዊምብልደን አምበል ነበር። አውስትራሊያውያኑ ቪክ እና ሬይ ደገን ለሃሪንጌይ ሮጡ፤ ሬይ በ1950 ሲድኒ ላይ በውድድር መሀል ሞተ።

ከዌልስ፣ ከፖርት ታልቦት፣ ሦስት ወንድማማቾች መጡ፦ ፍሬዲ፣ ኤሪክ እና ኢያን ዊሊያምስ። ፍሬዲ የዌምብሌይ ላየንስ ሰው ነው። በ1950 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በመሀሉ በ1952 ሁለተኛ ወጣ። ሜዳው የገዛ ክለቡ ሜዳ ስለነበር ረድቶታል የሚሉ አሉ። ቢረዳም ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ቀላል አይደለም። ኢያን ለስዊንደን ሮጠ። የኢያን ስም ከፍሬዲ ጥላ ስር ወጥቶ አያውቅም፤ ስዊንደን ግን በ1957 ሊጉን በልታለች።

ፒተር ክሬቨን ከሊቨርፑል የመጣ አጭር፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ቤል ቩ አሳደገው። ሞተሩ ላይ ያለው ሚዛን ሰውን ስለሚያስገርም "የሚዛን ጠንቋይ" አሉት። በ1955 እና በ1962 ዓለምን አሸነፈ። ወንድሙ ብራያንም ሞተረኛ ነበር። በሴፕቴምበር 1963 ኤድንብራ ላይ ከፊቱ የወደቀውን ሞተረኛ ላለመግጨት ሲል ፒተር አጥሩን መታ። ከአራት ቀን በኋላ አረፈ። ዕድሜው 29 ነበር።

ለማወዳደር የሚመቹት ግን የዌክፊልዶቹ ናይጀል እና ኤሪክ ቡኮክ ናቸው። ናይጀል የኮቨንትሪ ምሰሶ ነበር፤ ሰማያዊ የቆዳ ልብስ ለብሶ ከሩቅ ይለያል። ኤሪክ የሃሊፋክስ ነው። ሃሊፋክስ በ1966፣ ኮቨንትሪ በ1968 የብሪቲሽ ሊግን አሸነፉ። ዋንጫው ሁለቱም ቤት ገባ ማለት ነው። በ1969 ናይጀል በዓለም አራተኛ ወጣ። ኤሪክ በ1974 የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነና በዚያው ዓመት፣ ሠላሳ ሳይሞላው፣ ሞተሩን አቆመ። በዕድሜ ከእሱ በብዙ የሚበልጠው ናይጀል ግን ቀጠለ። እኔ ናይጀልን አስቀድማለሁ። አንድ ክለብን ያን ያህል ዘመን መሸከም ከአንድ ቀን ዋንጫ አያንስም።

ከሁሉም የሚበዙት ኮሊንሶች ናቸው። ፒተር፣ ሌስ፣ ፊል፣ ኒል፣ ስቲቨን፤ አምስት ወንድማማቾች፣ አምስቱም ሞተረኞች። ፒተር የቤል ቩ ነው። በ1976 ፖላንድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1977 ከፍጻሜው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቤል ቩ ላይ እግሩ ተሰበረ። በተሰበረ እግሩ ጎተንበርግ ሄዶ 13 ነጥብ ሰበሰበ። የቀደመው 14 ያገኘው ኒውዚላንዳዊው ኢቫን ሞገር ብቻ ነው። ፊል ከክራድሊ ሂዝ ጋር ሊግ በላ። ሌስን ግን ማንም አልጠበቀውም። በ1982 ፍጻሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ሄደ፤ ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም። ሰው ሁሉ የሚያየው ፔንሃልንና እንግሊዛዊውን ኬኒ ካርተርን ነበር፤ ካርተር ከፔንሃል ጋር በተሻማበት ሩጫ ከውድድር ተሰናበተ። ጫጫታው ሲበርድ ሰሌዳው ላይ ከፔንሃል ቀጥሎ የተጻፈው ስም ሌስ ኮሊንስ ነበር።