አናባቢ ምንድን ነው? ሳድስስ ለምን አንዳንዴ ይጠፋል?

አናባቢ ማለት አየር ከሳንባ ተነስቶ ጉሮሮ ላይ ያሉትን የድምፅ አውታሮች እያርገበገበ፣ አፍ ውስጥ ምንም ሳይዘጋበት ሚወጣ ድምፅ ነው። "ብ" ስትሉ ከንፈር ይገጥማል፣ "ት" ስትሉ ምላስ የላይኛው ጥርስ ጋ ይለጠፋል፣ "ኣ" ስትሉ ግን ሚገጥምም ሚለጠፍም ነገር የለም። ጣና ዳር ቆሞ በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ያለ ጓደኛውን ሚጠራ ሰው "ናኣኣኣ" ብሎ ሚስበው አናባቢዋን ነው፣ "ን" ላይ ቢቆምማ ድምፁ አፍንጫው ውስጥ ነው ሚቀረው።

አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ኧ ኡ ኢ ኣ ኤ እ ኦ፣ ልጅ ሆነን ግዕዝ ካዕብ ሳልስ እያልን የቆጠርናቸው ማለት ነው። ሚለያያቸው ምላስና ከንፈር ነው። እስቲ ኢ እና ኡን እያፈራረቃችሁ በሉ፣ ኢ ላይ ምላስ ወደፊት ሄዶ ከፍ ይላል ከንፈርም ይለጠጣል፣ ኡ ላይ ምላስ ወደኋላ ይሸሻል ከንፈር ደሞ ተሰብስቦ ክብ ይሰራል። ኣ ላይ ምላስም አገጭም ይወርዳል። ኤ እና ኦ መሀል ከፍታ ላይ ናቸው፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ። ኧ እና እ ግን ምላስ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን መሀል ላይ ሆኖ ነው ሚወጡት፣ ላቲን ፊደል ደሞ ለነሱ ሚሆን የራሱ ምልክት የለውም። ዘጌን በላቲን ስንፅፋት እዩ፣ "ዘ" ላይ ያለችው ኧ ናት፣ "ጌ" ላይ ያለችው ኤ፣ እኛ ግን ሁለቱም ጋ አንድ አይነት ፊደል እናስገባለን።

እኔን በጣም ሚገርመኝ ሳድስ ነው፣ ስድስተኛው የ"እ" ቤት። ሌሎቹ ስድስቱ ከተፃፉ ይነበባሉ፣ ሳድስ ግን አንዳንዴ "እ"ን ይዞ ይመጣል አንዳንዴ ባዶውን ነው፣ ፊደሉም አይነግራችሁም። "ትምህርት" ሚለውን ቀስ ብላችሁ በሉት። አምስት ፊደል ነው አምስቱም ሳድስ፣ አናባቢ ሚሰማው ግን የመጀመሪያው "ት" ላይና "ህ" ላይ ብቻ ነው፤ ትም ህርት፣ በቃ ሁለት ቀለም፣ ማለትም ሁለት የድምፅ ክፍል። አማርኛ ተነባቢ (እንደ "ብ" እና "ት" አናባቢ ያልሆነ ድምፅ) በተነባቢ ላይ ሲደረደርበት አይወድም፣ ስለዚህ ምላስ ሚቸገርበት ቦታ ላይ እ ጣልቃ ትገባለች፣ ካላስፈለገች ትወጣለች። "ባህር" ስንል ህ እና ር መሀል አጭር እ አለች፣ "ባህሩ" ስንል ግን ኡ ከኋላ ስለመጣች ህ ቀጥታ ከር ጋር ይገናኝና ያቺ አጭር እ ትጠፋለች። ባህር ዳርን በላቲን ሲፅፉ ህ እና ር መሀል አንዱ የእንግሊዝኛውን "አይ" ሌላው "ኤ" ሚባለውን ፊደል ሚያስገባውም ያችን አጭር እ ለመያዝ ነው። ስፖርትን "እስፖርት"፣ ስታዲየምን "እስታዲየም" ሚሉ ሰዎች ላይ አትሳቁ፣ ቋንቋው በራሱ ህግ እየሰራ ነው።

የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ላይ አናባቢ ሚባል ምልክት አልነበረውም፣ ተነባቢውን ብቻ ነበር ሚፅፈው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱሙ ንጉስ ኢዛና ዘመን በተቀረፁ ድንጋዮች ላይ ነው ፊደሉ እግር፣ እጅና ቀለበት አውጥቶ ሰባት ቤት ሲሆን ምናየው። ከሰባቱ አንዱ ቤት፣ ሳድስ፣ ለእ እና ለባዶው የጋራ ሆነ፣ እስካሁንም እንደዛው ነው። (መጥበቅና መላላትም አይፃፍም፣ እሱ ግን የተነባቢ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይታያል።)

ሁለት አናባቢ ሲጋጠምስ? አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ትለቃለች። የእኔ "የኔ" ይሆናል፣ ለእናቴ "ለናቴ"፣ እ ተሸነፈች ማለት ነው። ኧ ደሞ ከኣ ጋር ስትገናኝ እሷ ናት ምትለቀው፣ ባህር ዳር ላይ ሰው ሲያወራ ስሙ፣ የአባይ ድልድይ ሳይሆን "ያባይ ድልድይ" ነው ሚለው፣ በአንድ "ባንድ" እንደሚባለው። ስንፍና ወይም የመንገድ አማርኛ አይደለም፣ የተማረም ያልተማረም እንደዚሁ ነው ሚናገረው።

ጐጃም ሚለው ስም ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። የድሮው አፃፃፍ "ጐ" ነው፣ ማለትም ከንፈር ክብ ሰርቶ ሚወጣ ግ እና ከኋላው ኧ። ከንፈሩ ቀድሞ ስለተሰበሰበ ኧ ወደ ኦ ትጠጋለች፣ ለጆሮ "ጎ" ትመስላለች፣ ለዛ ነው ዛሬ ብዙ ሰው ጎጃም ብሎ ሚፅፈው። ወንድም ላይም ያው ነው፣ "ወ" ከንፈርን ክብ ስለሚያደርግ ፈጠን ብላችሁ ስትሉት "ዎንድም" ሊሆን ምንም አይቀረውም።