የተሰረዘ መረጃን «መመለስ» ምንድን ነው?

«ኢንተርኔት ላይ የወጣ መቼም አይጠፋም፤ ባለሙያ ካገኘ ይመለሳል» የሚል አስተያየት ዛሬም አየሁ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። የጠፋ ነገር አይመለስም። የሚገኘው ሳይጠፋ በፊት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ ነው፤ ኮፒ ከሌለ ባለሙያም የለም።

የጎጃም ሰው ባሕር ዛፍን ያውቃል። ግንዱን ብትቆርጠው ጉቶው ያቆጠቁጣል። ጉቶውን ብትነቅለው እንኳ ዘሩ አጥር ማዶ በቅሎ ከሆነ ያኛውን አታገኘውም።

አንድ የባሕር ዳር ደላላ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለጠፈ እንበል። ሲያጠፋው ከቻናሉ ለሁሉም ይጠፋል። ሌላ ግሩፕ ላይ ፎርዋርድ የተደረገው ግን ራሱን የቻለ መልእክት ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ ያ ነው አጥር ማዶ ያለው ዛፍ። ቻናሉ ፐብሊክ ከሆነ ደግሞ በብራውዘር ስለሚከፈት፣ ማንም ሰው ገጹን ዌይባክ ማሽን ላይ (የድረ ገጾችን የቀድሞ ኮፒ የሚያከማች ድረ ገጽ ነው) አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። እዚያ ሰው የሚሳሳተው ስም ወይም ቃል ጽፎ ስለሚፈልግ ነው። ሊንኩን ለጥፍ፤ ካልተገኘ የቻናሉን ዋና ገጽ ሞክር፤ ከዚያ ካሌንደሩ ላይ ምልክት ያለበትን ቀን ክፈት። ቀኑ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በግሪንዊች ነውና 3 ሰዓት ጨምር። ለክርክር ከሆነ የምትፈልገው፣ ስክሪንሾት ማንም በደቂቃ ስለሚያቀናብረው ይህን ገጽ ያዝ። ጓደኛ ብቻ የሚያየውን የፌስቡክ ፖስት ግን እዚያ አትፈልግ።

«ጉግል ካሽ ውስጥ አለ» ለሚሉም፦ ጉግል ራሱ ያስቀመጠውን የገጽ ኮፒ የሚከፍተውን ያንን ሊንክ በ2024 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። ገጹ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆየው በፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው ርእስና ቁራጭ ጽሑፍ ነው፤ እሱንም በጉግል የማስወገጃ ቅጽ ማስነሳት ይቻላል።

ጉቶው፣ ማለትም ትራሽ ውስጥ ያለው፣ ቀላል ነው፦ ፌስቡክ የተጣለ ፖስት 30 ቀን፣ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ 60 ቀን ትራሽ ውስጥ ያቆያሉ።

ሚሞሪ ካርድ ሌላ ነው። ፎቶ ስታጠፋ የሚሰረዘው ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ነው፤ ዳታው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ስለዚህ ካርዱን ወዲያው ከስልኩ አውጣ፣ ኮምፒውተር ላይ ፎቶሬክን (የተሰረዙ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው) አስነሳ፣ የተገኘውን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጥ። እዚያው ካርድ ላይ ካስቀመጥከው ገና ያልወጣውን ራስህ ትደመስሰዋለህ።

የስልኩ የውስጥ ማከማቻ ግን እንዲህ አይደለም። በዘመኑ አንድሮይድ ላይ ዳታው የተመሰጠረ ነው፣ ያለ ቁልፍ አይነበብም፤ ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ (ስልኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲጀመር) ቁልፉ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ስልክ «ፎቶውን አወጣልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅህ ካለ አትክፈል። ይልቅ በድሮው ጂሜይልህ ግባና ባክአፕ በርቶ እንደነበር እይ።