ግሩፕ ሆም፦ ተደራራቢ ጉዳት ላለበት ሰው የሚሆን ቤት

አሜሪካ ካሉ ሐበሾች መካከል «ግሩፕ ሆም እሠራለሁ» የሚል አይጠፋም። ግሩፕ ሆም ጥቂት አካል ጉዳተኞች ተራ ሰፈር ውስጥ ከተንከባካቢዎች ጋር የሚኖሩበት ቤት ነው። ከባዱ ሥራ ነዋሪው ዊልቸር ላይ ሆኖ ማየትም ሲሳነው፣ ወይም ከመስማት ችግር ጋር የአእምሮ እድገት ውስንነት ሲኖርበት ነው።

ትንንሽ ቤቶች የበዙት ትልልቆቹ ተቋማት ሰው ስለጎዱ ነው። ኒውዮርክ የነበረው ዊሎውብሩክ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ይኖሩበት የነበረ ተቋም፣ ለ4,000 ሰው ተሠርቶ ከ6,000 በላይ ታጭቆበታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ካሜራ ገብቶ ስቃዩን በቴሌቪዥን አሳየ። በ1987 ተዘጋ።

የአሜሪካ መለኪያ ለበር 81 ሴንቲሜትር ማለፊያ፣ ለዊልቸር መዞሪያ 152 ሴንቲሜትር ይጠይቃል። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይረዝማል። ይህ መነሻ ነው። ሰው የሚያስተኛ ትልቅ ዊልቸር ከነተንከባካቢው ከዚህ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል።

የሚያስቸግረው ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን መጉዳቱ ነው። ማየት ለተሳነው መንገድ የሚጠቁም ሸካራ ወለል ዊልቸር ላይ ያለውን ያንገጫግጫል፤ ጀርባውን ለሚያመው ሰው ስቃይ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከወለል ወደ ግድግዳ ይወጣል፦ ከመኝታ እስከ ሳሎን በእጅ የሚዳሰስ መደገፊያ። ማየትም መስማትም ለተሳነው ደግሞ ኩሽናው በር ላይ ማንኪያ፣ መታጠቢያው በር ላይ ቁራጭ ፎጣ ይሰቀላል። ማንኪያውን ዳብሶ የት እንደደረሰ ያውቃል። እንዲህ ያለው ነገር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ለሰውየው ግን ቤቱን የራሱ ያደርግለታል።

ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱ ላይ ይዋል እላለሁ። ሻወሩ ደፍ አይኑረው፤ ዊልቸሩ ቀጥ ብሎ ይግባ። የውሃው ሙቀት ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ቧንቧው ላይ መቆጣጠሪያ ይገጠም፤ «አቃጠለኝ» ማለት የማይችል ሰው አለና። ነጭ የሽንት ቤት መቀመጫ ማየት ለሚቸግረው ሰው ከነጭ ግድግዳ ጋር ስለሚመሳሰል ጠቆር ያለ ይመረጣል። ከአልጋው እስከ ሻወሩ ጣሪያ ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ ማንሻ ከተገጠመለት ነዋሪው በሰው ክንድ ተንጠልጥሎ አይሄድም፣ የተንከባካቢውም ወገብ ይተርፋል። ጣሪያው ግን ያን ክብደት እንዲችል ከመጀመሪያው መሠራት አለበት። በኋላ ማፍረስ ኪስ ያራቁታል።

ለእሳት አደጋ ድምፅ ብቻ አይበቃም። ደወሉ መብራት ያብለጨልጫል፣ አልጋም ያንቀጠቅጣል። ከአልጋ መነሳት ለማይችለው ደግሞ የመኝታ ክፍሉ በር አልጋውን ከነሰውየው በቀጥታ ወደ ግቢ የሚያስወጣ ሆኖ ይሰፋል።